የዊትልኮም የሬሳ መንገድና የደምመላሽ ይሉኝታ

ስቶክሆልም ዳር፣ ስፖንጋ፣ እኛ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የጋራ ልብስ ማጠቢያ አለ። ትቬትስቱጋ ይሉታል። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ እያንዳንዱ ቤት ትንሽ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉን የሰካህበት ሰዓት ያንተ ነው፣ ንጉሡም ቢመጣ አይነካብህም። አገሬው በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። ዓመት ሙሉ ሰላም ያላለህ ጎረቤት በማጠቢያ ሰዓቱ ከገባህበት አፉ ይፈታል።

ደምመላሽን እዚያ ኮሪደር ላይ አገኘሁት። የልብስ ቅርጫቱን ታቅፎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ውስጥ የሦስተኛ ፎቁ ሽማግሌ መጋረጃውን ይዘረጋል፣ ያየዋል፣ ቀስ ብሎ ያጥፋል።

"ምን ትሠራለህ እዚህ?" አልኩት።

"እስኪጨርሱ ነው፣ እትዬ ዘመናይ።"

"ሰዓቱ የማን ነው?"

"የኔ ነው።"

"ታዲያ አትነግረውም?"

"ደስ ብሏቸው እያጠፉ ነው። ከምረብሻቸው ብዬ ነው።"

በሩን ከፍቼ ነገርኩት። ሽማግሌው ሰዓቱን አየ፣ ደነገጠ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ መጋረጃውን ሰብስቦ ወጣ። አለቀ። ሰማይ አልተደፋም። ደምመላሽ ግን ቅርጫቱን አስቀምጦ ሽማግሌውን ደረጃ ድረስ ተከተለውና፣ በገዛ ሰዓቱ ስለገባ፣ እሱ ይቅርታ ጠየቀ።

የምጽፍላችሁ ስለዚህ ሰው ነው። ላመሰግነው አይደለም። ሰዉ በየሻዩ ላይ "እንዴት ያለ ጨዋ!" እያለ ታሪኩን ገልብጦ ሲያወራው ሰምቼ አንጀቴ ስላረረ ነው።

ደምመላሽ የተጉለት ሰው ነው። እዚህ ስፖንጋ ከጥንቱ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው መካነ መቃብር አትክልተኛ ነው፤ ሣር ያጭዳል፣ አጥር ይከረክማል፣ በኅዳር ሰዎች በየመቃብሩ ላይ የሚተዉትን የሻማ ቆርቆሮ ይለቅማል። ሚስቱ ሸዋሉል የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ልጃቸውን ሳሌምን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ በዚያ ቤት የመቆጣት መብት አለኝ፣ እጠቀምበታለሁም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከስዊድኖች በተከራየነው አዳራሽ ሻይ ይጠጣል። ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው ከደርግና ከኢሕአዴግ መካከል ማን እንደሚብስ ይከራከራሉ። ደምመላሽ ዝም ይላል። ስለ ተጉለት ጠይቁት፤ "ብርድ ነው" ብሎ ያቆማል። አፉ የሚፈታው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ዊትልኮም። ዊትልኮም እንግሊዝ አገር ገጠር ውስጥ፣ ካርታ ላይ ዝንብ የረገጠችው የምታክል መንደር ናት። ስለ እሷ ከጀመረ ሻይህ ይቀዘቅዛል።

"የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰነጠቀ" ይላል ደምመላሽ። "ሴቶቹ የመዳብ ድስታቸውን አዋጥተው አስቀለጡት። ዛሬም ሲደወል ድስት ድስት ይላል።" ወይም ደግሞ፦ "ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተው ወፍጮ ቤቱን በግንብ ለሁለት ከፈሉት። ውሃው ግን አንድ ነው። አንዱ ሲፈጭ አንዱ ተቀምጦ ያያል። እንዲህ ሆነው ሸመገሉ።"

አንድ ጊዜ እሸቱ የሚባል አፈኛ፣ "ወንድም ደምመላሽ፣ አንተ እዚያ አገር ጭቃ ሹም ነበርክ እንዴ?" ብሎ አዳራሹን አሳቀበት። ደምመላሽም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የሰው ልጅ የገዛ አገሩን ታሪክ "ብርድ ነው" ብሎ ዘግቶ የፈረንጅ ወፍጮ ሲተርክ መስማት ያናድደኝ ነበር።

ወደዚያች መንደር የደረሰው ወዶ አይደለም። ከእርሻ ትምህርት ቤት የወተት ላም አያያዝ እንዲማር ለአጭር ጊዜ ተልኮ ሄደ፤ በሄደበት አብዮቱ ፈነዳ፤ ጓደኞቹ "እንዳትመጣ" አሉት። ቀረ። ከዊትልኮም በላይ ኮረብታው ላይ ጥቂት ቤቶች አሉ፤ ላይ ሰፈር እንበላቸው። እዚያ የላም እርባታ ተቀጠረ። ጎረቤቱ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ባሏ የሞተባት ዶሮቲ የምትባል ሴት ነበረች። እሱ "እማማ ዶሮቲ" ይላታል። መንደሯን እንደ ዳዊት በቃሏ የምታውቅ ሴት ናት። እንግሊዝኛውን ያስተካከለችለት በመንደሯ ታሪክ ነው። ሌላው ስደተኛ "የባቡር ጣቢያው የት ነው" እያለ ሲለማመድ ደምመላሽ የወንድማማቾቹን ወፍጮ ይለማመድ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያስተማረችው ስለ መንገዱ ነው። ላይ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን የለውም። ሰው ሲሞት ሬሳውን ተሸክመው፣ በአንድ የግል እርሻ መሃል በሚያልፍ ቀጭን መንገድ፣ ወደ ታች ያወርዱታል። የሬሳ መንገድ ይሉታል። ከመንገዱ መካከል ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ተሸካሚዎቹ ሳጥኑን እዚያ ላይ አሳርፈው ትከሻ ይቀያየራሉ፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ይቀጥላሉ። ደምመላሽ ይህን ድንጋይ ባየ ቀን አለቀሰ። እኛስ ሬሳ ይዘን ስንሄድ በየመንገዱ እያሳረፍን ፍትሐት እናደርስ የለ? ከዚያ ቀን ጀምሮ አገሩን አገኘ። በዚያ መንገድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ በአዘቦቱ ወደ ፖስታ ቤትና ወደ ሱቅ፣ በፈረንጆቹ ከሰባዎቹ አጋማሽ እስከ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ወረደበት፣ ወጣበት። በኋላ ሸዋሉልን አግብቶ ወደ እሷ፣ ወደ ስቶክሆልም መጣ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ።

በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት፣ በረዶው ሊቀልጥ ሲል፣ እሑድ ከሰዓት እነሱ ቤት ነበርኩ። ስልክ ጮኸ። ዶሮቲ ናት። ጆሮዋ ስለደከመ የምታናግረው ሰውም ደንቆሮ ይመስላታል፤ ድምጿ ከመቀበያው አልፎ ሳሎኑን ይሞላል። የኔም እንግሊዝኛ ለመናገር ባይሆንም ለመስማት ይበቃል፤ ሁሉንም ሰማሁ።

ያ መንገድ የሚያልፍበት እርሻ ተሽጧል። የድሮው ባለመሬት፣ ሚስተር ጎድዊን፣ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቹ ለአንድ የለንደን ሰው ሸጡት። የለንደኑ ሰው መንገዱን በሽቦ አጠረና ቆለፈው። ዶሮቲ ባሏ ያረፈው ታች ነው። በአስፋልቱ ዞራ እንዳትሄድ መኪና ይገጫታል፣ ጉልበቷም አይችልም። "እኔ ደግሞ" አለች በዚያ በሚጮኽ ድምጿ፣ "ስሞት በመኪና ዞሬ ልቀበር አልፈልግም። እናቴ በድንጋዩ ላይ አርፋለች፣ ባሌ አርፏል፣ እኔም አርፋለሁ።"

ሕጋቸው እንዲህ ነው፤ ሕዝብ በአንድ መንገድ ሃያ ዓመት ሳይደበቅ፣ አጥር ሳይሰብር፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ከሄደበት መንገዱ የሕዝብ ነው። የአሁኑ ባለቤት ሊዘጋው አይችልም። መንግሥት የላከው መርማሪ በመጸው መንደሩ አዳራሽ ተቀምጦ ምስክር ይሰማል። የቅርቡ ጊዜ ምስክር ሞልቷል። በደምመላሽ ጊዜ የነበሩት የላይ ሰፈር ሰዎች ግን አንዳንዱ ሞቷል፣ አንዳንዱ አእምሮው ደክሟል፣ አንዳንዱ አውስትራሊያ ገብቷል። በየቀኑ የሄደና ቆሞ መናገር የሚችል እሱ ብቻ ነው።

"ትመጣለህ አይደል?" አለች።

"እመጣለሁ፣ እመጣለሁ" አለ ፊቱ በርቶ።

"ዋናው ነገር ማንም ፈቃድ አለመጠየቁ ነው። ጠይቀን ተፈቅዶልን ከሆነ ውለታ ነው ይባላል። ውለታ ደግሞ ይነሳል። አንድ ሰው እንኳ ጠይቆ ከሆነ ጠበቃቸው ይበላናል። ገባህ?"

ፊቱ ጠፋ። መብራት እንደጠፋበት ቤት። "ገባኝ" አለ፣ ስልኩንም በሁለት እጁ አስቀመጠው።

"ምን አለችህ?" አለችው ሸዋሉል ከማድ ቤት።

"መስክርልኝ አለችኝ።"

"ታዲያ ደስ አይልህም?"

"ደስ ይለኛል" አለ ልክ እንደ ለቀስተኛ።

በጋው እንዲህ አለፈ። ዶሮቲ ትደውላለች፣ ደምመላሽ የለም። ሣሩ አድጓል፣ ሥራ በዝቷል፣ ጉንፋን ይዞታል። በሐምሌ ጉንፋን! አንድ ቀን እኔ እያለሁ ስልኩ ጮኸ። ሳሌም አነሳችና በስዊድንኛዋ "ፓፓ፣ ታንት ዶሮቲ እንደገና!" ብላ ተጣራች፤ አክስት ዶሮቲ ማለቷ ነው። ዞር ስንል ደምመላሽ በረንዳ ወጥቶ መስተዋቱን ዘግቶታል። በመስተዋቱ ውስጥ እናየዋለን። እሱም ያየናል። አበባ ያጠጣል፤ ማጠጫው ባዶ ነው።

ሸዋሉል እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "እዩት እስቲ እትዬ። ከእንግሊዝ መንግሥት ሸሽቶ በረንዳ የገባ አርበኛ።"

"ምን ሆኖ ነው?"

"አይናገርማ! ሌሊት ይገላበጣል፣ ቀን ዝም ይላል። ሴትዮዋ እኮ እናቱ ናት። ሠርጋችን ላይ በእናቱ ቦታ የቆመችው እሷ ናት። ቢጠላት ይገባኝ ነበር፤ ስሟ ሲጠራ ዓይኑ እንባ ያቀራል።"

ስልኩን ተቀብዬ "ደምመላሽ በረንዳ ላይ ነው፣ አላመመውም፣ ካንቺ ተደብቆ ነው" ለማለት እጄን ስዘረጋ ሳሌም ዘግታው ነበር። ከሁለቱ አንዱን ብመታ ደስ ባለኝ።

እኛ ሰዎች ምን ሆነን ነው? ማሞቂያው ተበላሽቶ ክረምቱን ሙሉ በካፖርት ተኝቶ ለአከራዩ "አስቸግራለሁ" ብሎ ያልተናገረ ሰው አውቃለሁ። ሐኪም "አመመህ?" ሲለው "ደህና ነኝ" ብሎ ተመልሶ በር ላይ የወደቀ አውቃለሁ። "ዝም አይነቅዝም" የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው ጎተራ ከፍቶ አይቶ አያውቅም። እንደ ዝምታ የሚነቅዝ ነገር የት አለ?

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወደ ሥራው ቦታ ሄድኩ። መቃብር ውስጥ በረንዳ የለም። አጥር እየከረከመ አገኘሁት። ሲያየኝ መቀሱን አወረደ።

"እትዬ ዘመናይ! ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?"

"ልትገድላት ነው እንጂ አልሞተችም። ዛሬ ትነግረኛለህ። ለምንድነው የማትሄደው?"

"ድምፅዎን ቢቀንሱ፣ እዚህ ያሉት..."

"እዚህ ያሉት ሞተዋል! አይሰሙም! የምትሰማው አንዲት አሮጊት ናት፣ እሷም ስልክ ላይ ሆና ያንተን ድምፅ ትጠብቃለች።"

የእጅ ጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጓንቱን አወለቀ። መልሶ አጠለቀው። ከዚያ መጣለት።

"ጠይቄያለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"ፈቃድ። ሚስተር ጎድዊንን። በየዓመቱ።"

ነገሩን ስሰማ የምይዘው ጠፋኝ። ሰውዬው መንደሩ እንደ ደረሰ፣ ሁሉም ዝም ብሎ በሚሄድበት መንገድ እሱ መሄድ ከበደው። የሰው ማሳ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ተብሎ ያደገ ልጅ ነው። ስለዚህ እንቁጣጣሽ ሲመጣ ከጓሮ አበባ ለቅሞ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ጎድዊን ደጅ ቆመና "በመሬትዎ ላይ አልፌ ቤተ ክርስቲያን እንድሄድ ይፍቀዱልኝ" አለ። በሚቀጥለውም ዓመት። በሚቀጥለውም። እንግሊዝ አገር መስከረም ላይ አበባ ይዞ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ለምልክትም ያህል ሌላ አልነበረም።

"አባቴን ያውቁታል አይደል? ነግሬዎታለሁ" አለ። አልነገረኝም። ስለ ተጉለት ነግሮኝ አያውቅም። "ርስቱን የተነጠቀው በአንድ ሰው የሐሰት ምስክር ነው። ታቦት ፊት ምሎ ዋሸበት። አባቴ እስኪሞት 'ከዚህ ቤት ሐሰተኛ ምስክር አይውጣ' ይል ነበር። አሁን እኔ ሄጄ 'አልጠየቅሁም' ልበል? አባቴን ሁለተኛ መቅበር ነው። 'ጠይቄያለሁ' ልበል? መንገዱን በእጄ ዘጋሁባት። ስለዚህ ዝም ብል..."

"ዝም ብትል?"

"ዝም ብል ማንም አይጎዳም ብዬ ነው።"

"በስመ አብ! ሴትዮዋ ስምህን በምስክር አስይዛ ትጠብቅሃለች። አልመጣም እንኳ ብትላት ሌላ ትፈልግ ነበር። ዝም ብለህ እጇን አስረሃት ማንም አይጎዳም ትለኛለህ?"

 ቅጠል ከጋሪው እያነሳ መልሶ ይጥላል። እኔ ደግሞ ንዴቴ እያለ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ሰው ይጠይቃል፤ እሺ። የተጠየቀው ሰውስ?

"ለመሆኑ ሰውዬው ምን ይልህ ነበር?"

"ማን?"

"ጎድዊን ነዋ! አበባ ይዘህ ደጁ ስትቆም 'እለፍ' አለህ?"

አንገቱን ደፋ። "እሱን ነው ያፈርኩበት። አንድ ቀን እንኳ 'እለፍ' ብሎኝ አያውቅም። ይቆጣኝ ነበር።"

"ምን ብሎ?"

"መጀመሪያ 'የኔ አይደለም፣ ምን ትጠይቀኛለህ' አለኝ። ከልቡ አልፈቀደም ብዬ በዓመቱ ተመልሼ ጠየቅሁት። 'ነገርኩህ እኮ' አለ። እንደገና ስሄድ በጣም ተናደደ። እጄን ይዞ፣ አበባዬን እንደያዝኩ፣ ድንጋዩ ድረስ እየጎተተ ወሰደኝ። ሴት ልጁም ኋላ ኋላችን መጣች። ድንጋዩን በመዳፉ መታው። 'አያቴ እዚህ ላይ አርፏል። እኔም እዚህ ላይ አርፋለሁ። ሙታን ያልጠየቁኝን አንተ ለምን ትጠይቀኛለህ? መንገዱ የሁሉ ሰው ነው፣ አባቴም ሊከለክል አይችልም ነበር' አለኝ። 'ደግመህ ከመጣህ ውሻ እለቅብሃለሁ' አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"በዓመቱ ሄድኩ። ውሻው የሚያውቀኝ ነው።"

የምቀመጥበት ፈለግሁ። ጋሪውን እሱ ይዞታል። ቆሜ ቀረሁ።

"ደምመላሽ" አልኩት፣ እንዲያውም በቀስታ፣ "ባለመሬቱ ራሱ በአፉ 'የኔ አይደለም፣ የሁሉ ነው' ብሎሃል?"

"አዎ፣ ተቆጥቶ።"

"በየዓመቱ?"

"በየዓመቱ።"

"ይህንን ለዶሮቲ ነግረሃታል?"

"እንዴት ብዬ እትዬ? ሰው የተቆጣኝን፣ ከደጁ የመለሰኝን? ያሳፍራላ።"

በዚያ መካነ መቃብር ውስጥ የጮኽኩትን ጩኸት እዚያ ያረፉት ስዊድኖች እስካሁን ያወሩት ይሆናል። እሱ ከጎድዊን የጠበቀው "ግባ፣ እለፍ፣ ቤትህ ነው" የሚል የአገሩን ምርቃት ነበር። ምርቃቱ ስላልመጣ ያልተፈቀደለት መሰለው፤ ስላልተፈቀደለት በየዓመቱ ጠየቀ፤ የተሰጠውን ምስክርነት ሁሉ እንደ ስድብ ቆጥሮ፣ አፍሮ፣ አጣጥፎ ሆዱ ውስጥ ከተተው። አሮጊቷ በዓይኗ የምትፈልገውን እሱ ታቅፎት በረንዳ ላይ ይደበቃል!

ሥራው እስኪያልቅ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁ። አላመንኩትማ። ቤት አስገባሁት፣ በረንዳውን ቆለፍኩ፣ ሸዋሉል ደወለች፣ መቀበያውን ጆሮው ላይ ለጠፈችለት። ነገራት። ሲጨርስ እዚያ ማዶ ዝም አለ። ያቺ ሁልጊዜ የምትጮኽ ሴት ዝም አለች።

"ሞተች እንዴ?" አለች ሸዋሉል በሹክሹክታ።

ከዚያ መጣ። የድሮ አስተማሪ ቁጣ ምን እንደሆነ ያን ቀን ሰማሁ። "አንተ ሞኝ ልጅ! አንተ የማትረባ፣ የተባረክ፣ ሞኝ ልጅ! ቀጥ ብለህ ቁምና ጎድዊን ያለውን ድገምልኝ። ቃል በቃል!" ደምመላሽ ተነሥቶ ቆመና ደገመ። ሳሎኑ መሃል፣ ክፍል ውስጥ ቆሞ እንደሚያነብ ተማሪ።

በጥቅምት ሄዱ፣ ሸዋሉልም አብራ። የሆነውን የምታወራኝ እሷ ናት፣ በየጊዜው ትንሽ ትጨምርበታለች፤ እኔ የማምነውን ብቻ ልንገራችሁ። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው። የለንደኑ ሰው ጠበቃ ቀጭን፣ ጨዋ፣ እንደ ምላጭ ያለ ነው። ደምመላሽ ገና ሰላም ከማለቱ፣ "ለማለፍ ፈቃድ ጠይቀው ያውቃሉ?" አለው።

"አዎ፣ ጠይቄያለሁ።"

አዳራሹ አጉረመረመ። ጠበቃው ፈገግ አለ። "ስንት ጊዜ?"

"በየዓመቱ። በአዲስ ዓመታችን።"

"ስለዚህ የግል መንገድ መሆኑን ያውቁ ነበር ማለት ነው።"

"አላውቅም ነበር። በእኛ አገር የሰው ደጅ የሚታለፍ ከሆነ፣ መንገዱ የንጉሥም ቢሆን፣ ባለቤቱን ሰላም ሳይሉ አይታለፍም። ማወቅ አይደለም፣ ማክበር ነው።"

ጠበቃው እዚያ ላይ ቢቀመጥ ያሸንፍ ነበር ይሆናል። አልተቀመጠም። ያው የሚያሸንፍ ሰው አፉ አይዘጋም። "ታዲያ ሚስተር ጎድዊን ፈቀዱልዎ?" አለው።

ደምመላሽም ነገረው። አበባውን፣ ድንጋዩን፣ ሙታኑን፣ ውሻውን። ውሻው ጋ ሲደርስ ከኋላ ወንበር አንዲት ጠና ያለች ሴት ተነሣች። የጎድዊን ልጅ ናት። እየሳቀችና እያለቀሰች "አባቴ ነው! ቃሉ ራሱ ነው! እኔም ነበርኩ፣ ድንጋዩ ጋ ነበርኩ!" አለች። መርማሪው "ተራዎ ሲደርስ" አላት። ተራዋ ደረሰ፣ እሷም ተናገረች።

በሚቀጥለው ጸደይ ሽቦው ተነሣ።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰዎች የሚያቃጥሉኝ። እሑድ አዳራሹ ውስጥ እሸቱ ሳይቀር ተነሥቶ "አያችሁ ጨዋነት! አያችሁ ያበሻ ትሕትና እንግሊዝን ሲረታ!" ብሎ አስጨበጨበ። ደምመላሽ አቀርቅሮ ሻዩን ያማስላል። እኔ ተነሣሁ።

"መጠየቁ አልከፋም" አልኳቸው። "እሱን እቀበላለሁ። ሌሎቹ ዝም ብለው ሄዱ፣ ስለዚህ ከጎድዊን አፍ የወጣ ቃል የላቸውም፤ እሱ ጠየቀ፣ ተቆጣው፣ ቃሉ ተገኘ። እሺ። መንገዱን ሊዘጋው የነበረው ግን ምንድነው? የለንደኑ ሰው ሽቦ ብቻ ነው? በረንዳው አይደለም? አምስት ወር ሙሉ ባዶ ማጠጫ ይዞ አበባ ያጠጣው አይደለም? እዚህ ውስጥ ስንቶቻችሁ ናችሁ አሁን በረንዳ ላይ ያላችሁ?"

ማንም አላጨበጨበልኝም። ደምመላሽ ግን ቀና አለ፣ ሻዩን አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠየቅ፣ "አባቴ ርስት የተነጠቀበት ቦታ ስሙ..." ብሎ ጀመረ። ስለ ተጉለት። ሻያችን ቀዘቀዘ። ይቀዝቅዝ።

መንገዱ በተከፈተ ቀን ደግሞ ደምመላሽና ሸዋሉል ሄደው ነበር። ዶሮቲ በምርኩዝ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ። የእርሻው ቤት ጋ ሲደርሱ የለንደኑ ሰው መስኮት ላይ ቆሟል፣ ፊቱ እንደ ኮምጣጤ። ደምመላሽ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ መስኮቱ እጅ ነሣ።

ዶሮቲ ሳትዞር በምርኩዟ ቅልጥሙን መታ አደረገችው። "ቀጥል" አለችው።

ድንጋዩ ጋ ደረሱ። አሮጊቷ ስለደከማት ተቀመጠችበት። ሸዋሉል ሆድ ባሳትና፣ ዕድሜዋን አይታ፣ "እንኳን ተከፈተልሽ፣ ቀኑ ሲደርስ እዚህ ላይ..." ብላ ልታጽናናት ጀመረች።

"ቀኑ ሲደርስ ይደርሳል" አለች ዶሮቲ። "ያስከፈትኩት ልሄድበት ነው። ተነሡ።"

ተነሥታ ወረደች። ዛሬም ትወርዳለች። በየእንቁጣጣሹ ትደውልለታለች፣ እየጮኸች፤ ደምመላሽም አሁን ስልኩን ራሱ ያነሳል። በረንዳው በር ላይ ሸዋሉል የአበባ ገንዳ አስደግፋበታለች፣ ከባድ ነው፣ ብቻውን አያነሳውም።

ትናንት ማጠቢያው ኮሪደር ላይ አየሁት። ቅርጫቱን ታቅፎ ቆሟል። ልጮኽበት አፌን ስከፍት በሩን አንኳኳ፣ ራሱን አስገባና፣ "ይቅርታ፣ ሰዓቱ የኔ ነው" አለ።

ይቅርታውን ቢተወው ምን ነበረበት?